ሴባስቶፖል ያለፈበት አገር

የቅኝ ግዛት ዘመን ከተማ ፍለጋ ደቡብ ጎንደር የሚመጣ ቤተሰብ የለም። አውሮፓውያን በኢትዮጵያ ንጉሥ ትእዛዝ የሠሩበትን ቦታ ለልጆቹ ማሳየት የሚሻ ግን ጋፋት ይሂድ።

ጋፋት ለደብረ ታቦር ቅርብ ነው፤ ግማሽ ቀን ይበቃዋል። በ1850ዎቹ ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያኑን ሚስዮናውያን እነዋልድማየርንና ሳልሙለርን እዚህ አስፍረዋቸው ነበር። ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡ ባለእጆች መድፍ ሠሪ ሆነው አረፉት! ከሥራቸው ሁሉ ግዙፉ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ነው፤ ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይጠጋል፣ ስሙም ከክራይሚያ ጦርነት የመጣ ነው።

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፉን ይዘው ወደ መቅደላ አምባ ተነሡ። ለመድፍ የሚሆን መንገድ አልነበረም። ቋጥኙ እየተፈለጠ፣ ገደሉ እየተናደ ተበጀ፤ ንጉሡም ከሠራዊቱ ጋር ድንጋይ ያነሡ ነበር። ጉዞው ወራት ፈጀ፤ መቅደላ በደረሱ በሳምንታት ውስጥ፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ ራሳቸውን ሠዉ።

ዛሬ ከደብረ ታቦር በገሳይ አድርጎ፣ ጉናን ታክኮ ወደ ጋይንት የሚወጣ መኪና መድፉ ያለፈበትን ደጋ በሰዓታት ያልፈዋል። ጋቢ ግን አይረሳ፤ የጉና ጫፍ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው።

መድፉ ራሱ ዛሬም መቅደላ ላይ ነው። እሱን ካላየሁ የሚል ልጅ ያለው ቤተሰብ ተጨማሪ ቀናት ይያዝ።