ከነጃሺ በፊት፦ «ላክልኝ» የተባለው የአክሱም ጳጳስ



ሐምሌ 26 ቀን፣ የፎገራ ሜዳ ውሃ ተኝቶበት ሩዙ ሲያቆጠቁጥ፣ የወረታ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን አባ ሰላማን ያስባሉ። ሰውየው ማን ነው? ታሪኩስ እኛን ምን ያገባናል?

አባ ሰላማ የሚሉት ፍሬምናጦስን ነው። የጢሮስ ሰው ነበር፤ ጢሮስ ዛሬ ሊባኖስ ውስጥ ናት። በልጅነቱ ከኤዴስዮስ ጋር የተሳፈረባት መርከብ ቀይ ባሕር ላይ ተጠቃች፤ ሁለቱ ተርፈው ወደ አክሱም ንጉሥ ተወሰዱ። ፍሬምናጦስ የንጉሡ ጸሐፊ ሆነ። ንጉሡ ሲሞት ንግሥቲቱ ልጇ እስኪያድግ አስተዳደሩን እንዲያግዛት ለመነችው። በኋላ እስክንድርያ ወርዶ ለሀገሩ ጳጳስ ቢጠይቅ፣ ፓትርያርኩ አትናቴዎስ ራሱን ሾሞ መለሰው።

ያኔ ክርስቲያኑ ዓለም ተከፋፍሎ ነበር። አርዮስ የተባለ የእስክንድርያ ቄስ «ወልድ ፍጡር ነው» ብሎ በማስተማሩ በ325 እ.ኤ.አ. የኒቅያ ጉባኤ አወገዘው። አትናቴዎስ አርዮሳውያንን በመቃወሙ አምስት ጊዜ ተሰደደ። የሮሙ ቄሳር ቆስጠንጢዮስ ግን ወደ አርዮሳውያን አደላ። በ356 ገደማ ለኢዛናና ለወንድሙ ሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ፦ ፍሬምናጦስን ወደ እስክንድርያ ላኩት፣ በአዲሱ ጳጳስ በጊዮርጊስ ፊት ይመርመር የሚል። ደብዳቤውን አትናቴዎስ በጽሑፉ ውስጥ ስላስቀመጠው ዛሬም ይነበባል። የቄሳሩ ፍላጎት አልሠመረም፤ የአክሱም ቤተ ክርስቲያን ከአትናቴዎስ መስመር አልወጣችም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ። አንዳንድ ወንድሞች «አርዮስ እኮ የኛ ነው» ይላሉ። አርዮስ ወልድን ፍጡር ቢልም፣ ዓለም የተፈጠረው በእርሱ አማካይነት ነው ይል ነበር። ይህ ተውሒድ አይደለም። የሰው እምነት እንዳለ ይነገራል እንጂ ለክርክር እንዲመች ተቆርጦ አይቀጠልም።

ወደ 260 ዓመት ገደማ ቆይቶ ለአክሱም ሌላ «ስጡን» መጣ። ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስን ስጦታ አስይዘው ወደ ነጃሺ ላኩ። ነጃሺ ግን ዳኛ የሚያደርገውን አደረጉ፤ የሌላውንም ወገን ሰሙ። ጀዕፈር (ረ.ዐ) ከሱረቱ መርየም ቀሩላቸው። ስጦታው ተመለሰ፣ ሙሃጂሮቹም በሰላም ተቀመጡ።

ያንተ ወንድሜ፣ ያንቺ እህቴ ድርሻ ይህ ነው፦ ጎረቤት የራሱን ታሪክ ሲያወራ ሳያቋርጡ መስማት፣ የራስንም አውቆ መናገር። ነጃሺም ፍርድ የሰጡት ከሰሙ በኋላ ነው።

ወላሁ አዕለም።