አባት ቆጠራና የመሬት ስም፤ ከኮሶዬ እስከ ደባርቅ

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደ ሄደ ኮሶዬን ያገኛል። ከዚያም በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ ደባርቅ ይገባል። መንገዱ የሚያቋርጠው የወገራ ደጋ ለጎንደር ከተማ የእህል ጎተራ ሆኖ የኖረ አገር ነው። መቼም ለም መሬት ባለበት ሙግት አይጠፋም፤ ሙግት ባለበት ደግሞ አባት ይቆጠራል። በዚች አጭር ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ይኸው ነው፦ ቅድመ አያቶቻችንን እናስታውስ የነበረው ስለ ምን ነው? ዛሬስ ማን ያስታውስልናል?

ነገሩ እንዲብራራ ሩቅ አገር ደርሰን እንመለስ። የኖርዌይ ገበሬ ከአባቱ ስም ቀጥሎ በሚኖርበት እርሻ ስም ይጠራ ነበር። እርሻ ሲለውጥ መጠሪያውም አብሮ ይለወጣል። እንግዲህ የእርሻው ስም አድራሻ እንጂ የደም ምልክት አልነበረም ማለት ነው። ሁሉም ቋሚ የቤተሰብ ስም እንዲይዝ የታዘዘው እ.ኤ.አ. በ1923 በወጣ ሕግ ነው። ሆኖም መንግሥቱ እርሻዎቹን ከ1660ዎቹ ጀምሮ ለግብር ሲል መዝግቧል፤ ቄሶቹም ክርስትናውን፣ ጋብቻውንና ቀብሩን ጽፈዋል። አያቶቹ ወደ አሜሪካ የተሰደዱበት ሰው የእርሻውን ስም ካወቀ መዝገብ ገልጦ ዘሩን ይከታተላል።

የእኛ አገር መዝገብ ግን በአብዛኛው የሽማግሌ አፍ ነበር። ርስት ማለት መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው ከዋናው አባት በመወለድ የሚገኝ መብት ነው። መብቱ በአባትም በእናትም ይወርዳል። ስለዚህ አንድ ሰው በአባቱ ወገራ፣ በእናቱ እናት ደግሞ ዳባት ላይ ርስት አለኝ ሊል ይችላል። ታዲያ ሁሉንም ማን ይይዘዋል? አለን ሆበን በጎጃም አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ ሰው አጥብቆ የሚቆጥረው መሬት ሊያስገኝለት የሚችለውን ሐረግ ነው። አባት ቆጣሪው ሽማግሌ ምስክርም ጠበቃም ነበር። መሬት የማያመጣ አያት ይረሳል፤ የሚያመጣው እስከ ሰባት ቤት ይጠራል።

ጽሑፍ ጨርሶ አልነበረም ማለታችን አይደለም። የጎንደር አድባራት የመሬት ስጦታውን፣ ሽያጩንና ውርሱን በወንጌሉ ብራና ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ይጽፉ ነበር። ዶናልድ ክረሚ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ትልቅ መጽሐፍ በእነዚህ ጽሑፎች ላይ የቆመ ነው። ግን ምን ይሆናል! ዓፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጠሉ፤ ብዙ መጻሕፍትም ወደ መቅደላ ተጋዙ። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ከመቅደላ ከዘረፉት ውስጥ 350 ያህል ብራና ሎንዶን ገባ። በ1880 ዓ.ም. ደግሞ መሐዲስቶች ከተማይቱን ዳግም አነደዷት። ኋላም በጃንሆይ ዘመን መንግሥት መሬቱን ልለካ ቢል፣ ባለርስቱ ‹‹ቀላድ ከገባ ርስቴ ሄደ›› ብሎ ሰጋ። በ1960 ዓ.ም. ጎጃም የሸፈተበት አንዱ ምክንያት ይኸው ስጋት ነበር። ኖርዌይን ከመርሳት ያዳናት የግብር መዝገብ በእኛ ዘንድ ሳይጻፍ ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መሸፋፈን አይገባም። አባት ቆጠራ ባለርስቱን ብቻ ነው የሚያውቀው። ዓፄ ይስሐቅ (እ.ኤ.አ. 1414–1429) በወገራ ቤተ እስራኤልን ወግተው ኮሶጌ በተባለ ቦታ ድል እንዳደረጉ ይነገራል፤ ስሙ ከኮሶዬ ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ ልብ ይሏል። ያልተጠመቀ ሰው ከአባቱ ርስት ይነቀል የሚለው አዋጅም ለእኚሁ ንጉሥ ይሰጣል። ርስት ያጣው ወገን ብረት ቀጠቀጠ፣ ሸክላ ሠራ፣ የሰው መሬት አረሰ። አያቶቹ በማንም ሙግት ላይ አልተቆጠሩም። አብዛኛው ቤተ እስራኤል ከ1977 ዓ.ም. ወዲህ ወደ እስራኤል ሲሄድ፣ ከኋላው መቃብሩና የመንደሩ ስም ቀረ። የትውልድ ቆጠራ የዘለለውን ሰው የመሬት ስም አንዳንዴ ይዞት ይገኛል የምንለው ለዚህ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሻረ። መሬት ላልነበረው ሰው ፍትሕ ነበር፤ ርስት ይመለስ የሚል ሐሳብም የለንም። ነገር ግን ሙግቱ ሲቀር የቆጠራው ጥቅም አብሮ ቀረ። ልጅ ለምን ብሎ ሰባት አያት ያጥና? አዋቂው ሽማግሌ በሞተ ቁጥር ያልተገለበጠ መዝገብ አብሮት ይቀበራል።

እንግዲህ ጓደኞቻችን፣ ለዕረፍት አገራችን ስንገባ ደብተርና እርሳስ እንያዝ። የማሳውን፣ የጅረቱን፣ የገደሉን፣ የደብሩን ስም እንጠይቅ። አያቶችን በእናትም በኩል እንቁጠር። የነገረንን ሰው ስምና ቀኑን እንጻፍ፤ ሁለት ሽማግሌ ሁለት ዓይነት ቢነግረን ሁለቱንም እናስፍር። ከሁሉ በላይ ‹‹ከእናንተ በፊት እዚህ ማን ነበር?›› ብለን ሳንጠይቅ አንነሣ። የምንሰበስበው ‹‹አገሩ የእኔ ነው፣ ያንተ አይደለም›› ለሚል ሙግት ማስረጃ ከሆነ፣ አሮጌውን የርስት ክስ በአዲስ ወረቀት ገለበጥነው ማለት ነው። የተዘለሉትን ጭምር ከጻፍን ግን ታሪክ ይሆናል።