የባካራ ዓይነቶችና የባንኩ ያዥ

ባካራ የተባለውን የካርታ ቁማር ዓይነቶች የሚለያቸው ከደንቡ ዝርዝር ይልቅ «ባንኩን ማን ይይዛል?» የሚለው ጥያቄ ነው። በሁሉም ዘንድ ድምሩ ወደ 9 የቀረበ ያሸንፋል፤ 10ና ባለ ሥዕል ካርታዎች ዋጋ የላቸውም፤ ድምሩ ከ9 ቢያልፍም ዐሥሩ ይጣላል።

በፈረንሳይ የታወቀው ሸመን ደ ፌር (ስሙ ለድሬዳዋ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ያው ምድር ባቡር ነው) ባንኩን ከተጫዋች ወደ ተጫዋች ያዞራል። ቁማር ቤቱ ከትርፉ ድርሻውን ይወስዳል እንጂ አይጫወትም። ድምሩ 5 የኾነለት ተጫዋች ሦስተኛ ካርታ ይጨምር ወይም ይተው ዘንድ ነጻ ነው፤ ይህችን ትንሽ ነጻነት የሒሳብ ሊቁ ዮሴፍ ቤርትራን በ1880ዎቹ መጨረሻ መርምሯታል፤ ኬሜኒና ስኔልም በ1957 ተመልሰውባታል (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው)። በባካራ ባንክ ግን ባንኩ ከአንድ ሰው እጅ ቶሎ አይወጣም፤ ያዡም በአንድ ጊዜ ሁለት ወገን ይገጥማል።

በ1959 ከኩባ ወደ ላስ ቬጋስ የገባው ፑንቶ ባንኮ ባንኩን ለቤቱ ሰጠ። 5 የደረሰው የተጫዋቹ ወገን ግድ ይጨምራል፤ ለሰው የቀረለት ምርጫ በየትኛው ወገን ላይ እንደሚያስይዝ ብቻ ነው። በባንኩ ወገን ላይ አስይዞ ከሚያሸንፈው ቤቱ ከመቶ 5 ይቈርጣል፤ እንዲህም ኾኖ የቤቱ ብልጫ በባንኩ በኩል 1.06፣ በተጫዋቹ በኩል 1.24 ከመቶ ገደማ ነው።

የማካውን ቁማር ቤቶች ያበለጸገው ይኸው ምርጫ አልባው ዓይነት ነው። ይህን የተጫዋቾች ስንፍና ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አይመስለኝም። በሸመን ደ ፌር ካርታውን የያዘው ሰው በሌሎች ገንዘብ ጭምር ይወስን ነበርና፣ ቢሳሳት ወቀሳው በእርሱ ላይ ይወርድ ነበር። በፑንቶ ባንኮ ገበታ ግን የሚወቀስ ሰው የለም።