የተቀበረው የነሐስ ፈረስና የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች



በእንጅባራ ቆሞ ስለ ፈረስ መናገር ድፍረት መሆኑን አውቃለሁ፤ ከእኔ የበለጠ የሚያውቁ ብዙዎች በዚህ አዳራሽ ተቀምጠዋል። ዛሬ የማነሣው ግን ሣር የማይግጥ ፈረስ ነው፤ በአዲስ አበባ፣ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ዳግማዊ ምኒልክን ተሸክሞ የቆመውን የነሐስ ፈረስ።

ሐውልቱ የተመረቀው በጥቅምት 1923 ዓ.ም.፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ ነው። የሠራውም ሄርቴል የተባለ ጀርመናዊ ነበር። ፈረሱ የፊት እግሮቹን አንሥቶ በኋላ እግሮቹ ቆሟል። ድንጋይ ጠራቢ እንዲህ ያለውን አቋም በቀላሉ አይደፍርም፤ ያን ሁሉ ክብደት በሁለት ቀጭን እግሮች ላይ ቢጭነው ይሰበርበታልና። ነሐስ ግን ውስጡን ባዶ አድርጎ ማፍሰስ ስለሚቻል ክብደቱ ይቀንሳል፤ ጥንካሬውም ፈረሱን ከነጋላቢው ይሸከማል።

በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ይህ ሐውልት ከመሠረቱ ተነቅሎ ተቀበረ። የይሁዳ አንበሳ ሐውልትም ወደ ሮማ ተጋዘ። ወራሪው አንበሳውን እንደ ምርኮ ለሕዝቡ አሳየው፤ የዐድዋውን ንጉሥ ከነፈረሱ ግን ማንም እንዲያየው አልፈለገም። ይህ ልዩነት ሁልጊዜ ያስገርመኛል። የሚያሳፍርን ነገር ማን አደባባይ ያቆማል?

እዚህ ላይ አንድ ዓመት ልብ እንድትሉልኝ እሻለሁ፤ 1932 ዓ.ም.። የነሐሱ ፈረስ ገና ከመሬት በታች ነበር፤ ወራሪውም ከአገር አልወጣም ነበር። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በዚያው ዓመት ነው። የመሥራቾቹ ዓላማ ፈረስ በዐድዋና በአርበኝነቱ ዘመን የዋለውን ውለታ ማሰብ ነበር። በዓሉም ጥር 23 ቀን እንዲከበር ሆነ፤ 23 በየወሩ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን ነው፤ የዐድዋ ድልም የተገኘው የካቲት 23 ቀን ነበር። የሐውልቱ መቀበር ማኅበሩን ወለደው ብዬ አልከራከርም፤ የዘመን መገጣጠም ብቻውን ምክንያት አይሆንም። ሆኖም በመዲናይቱ አንድ ፈረስ ተነቅሎ ሊቀበር ቻለ፤ በየገበሬው ጓሮ ተበትኖ የሚያድረውንና በየዓመቱ የሚወልደውን ፈረስ ግን ነቅሎ የሚቀብር አልተገኘም። የነሐሱ ፈረስ ወደ ቦታው የተመለሰው ከነፃነት በኋላ ነው።

እንግዲህ ነሐስ ለምን ያስፈልገናል የሚል ተማሪ ይኖር ይሆናል። መልሴ አጭር ነው፤ ሕያው ፈረስ ይሞታል፤ ፈረሰኛውም ይሞታል። ማኅበሩ ልማዱን ጠብቆልናል፤ የመሥራቾቹን መልክና በኮርቻ ላይ የነበራቸውን አቀማመጥ ግን ልማድ ብቻውን ሊያቆይልን አይችልም። ጥያቄው ነሐሱን የሚያፈስሰው እጅ የማን ይሁን የሚለው ነው።

ሙያው ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና በአንድ ጽሑፉ ለአምላኩ ለማሕረም አንድ የወርቅ፣ አንድ የብርና ሦስት የነሐስ ሐውልት ማቆሙን ይናገራል። ከክርስትና በኋላ ቤተ ክርስቲያን የተቀረጸ ምስልን ስላልተቀበለች ጥበቡ ወደ መስቀል ዞረ። አንጥረኛው መስቀሉን አስቀድሞ በሰም ይሠራል፤ በሸክላ ጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳት ሰሙን አቅልጦ ያወጣና በባዶው ስፍራ የቀለጠውን ማዕድን ያፈስሳል። የቅኔ መምህሮቻችን «ሰምና ወርቅ» ያሉት ከዚሁ ሙያ ወስደው ነው። ከአገው ወገን የሆኑት የዛጉዌ ነገሥታት የነገሡበት ዘመንም በዚህ ብልሃት የተሠሩ መስቀሎችን ትቶልናል።

የራስን ታሪክ በራስ እጅ ማፍሰስ ምን እንደሚመስል ያሳየኝ ግን ከሩቅ አገር የመጣ ምሳሌ ነው። አለን ሀውዘር ከቺሪካዋ አፓቺ ሕዝብ የተወለደ አሜሪካዊ ቀራፂ ነበር። ወላጆቹ የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1886 ጀምሮ ለ27 ዓመታት የጦር ምርኮኛ ካደረጋቸው አፓቺዎች መካከል ነበሩ። እርሱ በ1914 ተወለደ፤ ምርኮው ካበቃ ገና ዓመቱ ነበር። የሕዝቡን ታሪክና ዜማ ከአባቱ አፍ ሰምቶ አደገ። በ1988 የሠራው «የተቀደሰ የዝናብ ቀስት» የተሰኘው የነሐስ ሐውልት በጉልበቱ ተንበርክኮ ቀስቱን ወደ ሰማይ የወጠረ ወጣት ያሳያል፤ የሚለምነው ዝናብ ነው። ሌላ ቀራፂ ቢሆን ቀስት ያነገበ አፓቺን ለጦርነት ያሰልፈው ነበር፤ ሀውዘር ግን ለጸሎት አንበረከከው። ይህን የሚያውቅ ከቤት የተወለደ ነው።

ሄርቴልን መንቀፌ አይደለም፤ ፈረሱ ውብ ነው። በአፍሪካ ኅብረት ግቢ በ2011 ዓ.ም. የተመረቀውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሐውልት ግን ኢትዮጵያዊው በቀለ መኮንን ቀርጾታልና ከእንግዲህ ሙያተኛ የለንም ልንል አንችልም።

ስለዚህ ጥበብ ለምትማሩት አንድ ልመና አለኝ። ሰምና ጭቃ ከመንካታችሁ በፊት ጥር 23 ቀን ከሜዳው ዳር ቁሙ። ሽማግሌዎቹን ስለ ሟች አባቶቻቸው አቀማመጥ ጠይቁ፤ ጻፉት። የጉግስ ተጫዋቹ ዘንጉን ሲሰነዝር ፈረሱ አንገቱን ወዴት እንደሚያዞርም ተመልከቱልኝ።