አሮጌውና አዲሱ የቤንዚን ሞተር፦ የመጎተት አቅም፣ አስተማማኝነትና ሕግ በአሜሪካ የፒክአፕ መኪኖች ታሪክ



የዛሬው ርእስ አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አልቀረም። የታሪክ መምህር ስለ ሞተር ምን አገባው ብትሉም አልፈርድባችሁም። ነገር ግን የአሜሪካ ገበሬ፣ ግንበኛና ፈረስ አርቢ ዘወትር የሚከራከርበት አንድ ጥያቄ አለ፦ ተጎታች ለመሳብ የሚታመነው የቀድሞው የቤንዚን ሞተር ነው ወይስ የዛሬው? ጥያቄው የጋራዥ ይመስላል፤ መልሱ ግን ከምክር ቤት አዳራሽና ከደንብ መጽሐፍ ውስጥ ካልተፈለገ በሙላት አይገኝም። የምከራከርለት ሐሳብም ይኸው ነው። አንድ ሞተር ታማኝ መሆን አለመሆኑን ከሚወስኑት ነገሮች ዋነኛው ዕድሜው ሳይሆን በተነደፈበት ዘመን ሕግ የጠየቀው ነገር ነው።

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት፣ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ። በአገራችን «የጭነት መኪና» ሲባል ከኤንትሬ ዘመን ጀምሮ በጆሯችን የሚያስተጋባው የናፍጣ ሞተር ድምፅ ነው። በአሜሪካ ግን ቤንዚን ለረጅም ጊዜ ርካሽ ስለነበረ፣ ከኋላው ክፍት የጭነት ሳጥን ያለው ፒክአፕ በአብዛኛው የቤንዚን መኪና ሆኖ ቀረ። ከኋላው ጀልባ፣ ከብት፣ የእርሻ መሣሪያ ወይም ተንቀሳቃሽ ቤት የጫነ ተጎታች ይቀጠልበታል።

የአሮጌዎቹ ተሟጋቾች ዘወትር በምስክርነት የሚጠሩት ፎርድ ከ1965 እስከ 1996 በፒክአፖቹ ላይ የገጠመውን ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ነው። ይዘቱ 300 ኪዩቢክ ኢንች፣ በእኛ አነጋገር 4.9 ሊትር ነው። ስድስቱ ሲሊንደሮች በአንድ መስመር ተደርድረዋል፤ ብሎኩም ቴስታታውም ብረት ነው፤ ክራንክሻፍቱ በሰባት ቦታ ተደግፏል። ካምሻፍቱን የሚያዞረው ሰንሰለት ሳይሆን ጥርስ ለጥርስ የተያያዘ ማርሽ በመሆኑ የሚላላ ነገር የለም። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የሚሰጠው 150 ፈረስ ጉልበት ገደማ ብቻ ነበር። ሆኖም ከ350 ኒውተን ሜትር የማያንሰውን የመጠምዘዝ ኃይሉን የሚያወጣው በደቂቃ 2,000 ዙር አካባቢ፣ ማለትም ሳይጮኽና ሳይጨነቅ ነበር። የብዙ ጉዳት ምንጭ ፍጥነትና ሙቀት ነው፤ ይህ ሞተር በሁለቱም አይፈተንም ነበር ማለት ይቻላል።

ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ዳሩ ግን የታሪክ ተማሪ ምስክሩን ከመስማቱ በፊት ምስክሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ይጠይቃል። ዛሬ በመንገድ ላይ የምናየው የ1978 ፒክአፕ በሕይወት የተረፈው ነው። ሲሊንደሩ ተበልቶ፣ ቴስታታው ተሰንጥቆ፣ አካሉ ዝጎ ወደ ብረት ማቅለጫ የሄደው ቀርቦ አይመሰክርም። በዚያ ዘመን በብዙ የአሜሪካ መኪኖች ላይ የነበረው የርቀት መቁጠሪያ አምስት አሃዝ ብቻ እንደነበረው አትርሱ፤ 100,000 ማይል፣ ማለትም 160,000 ኪሎ ሜትር፣ ሲሞላ ተመልሶ ከዜሮ ይጀምር ነበር። ቁጥሩ የተጠበቀውን ዕድሜ ይናገራል። ብልጭታ የሚያስነሳው ፑንቲና በየጊዜው ይስተካከል፣ ካንዴላው ይለወጥ፣ ካርቡራተሩ ይጠረግ ነበር። ስለዚህ የቀድሞው ባለንብረት «ሞተሬ ተበላሽቶ አያውቅም» ሲል ብዙውን ጊዜ «ተበላሽቶ ራሴ ያላስተካከልኩት ነገር የለም» ማለቱ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሁለተኛውም ቢሆን የሚናቅ አይደለም።

የኃይል ቁጥርን በተመለከተ ሌላ ወጥመድ አለ። እስከ 1971 ድረስ የአሜሪካ አምራቾች ፈረስ ጉልበትን በአብዛኛው ያሳውቁ የነበረው ሞተሩን ያለ አየር ማጣሪያ፣ ያለ ጭስ ማውጫና ያለ ሌሎች ተቀጥላዎች ለብቻው ለክተው ነበር። ከ1972 ጀምሮ መኪናው ላይ እንደሚገጠመው ሆኖ መለካት ተለመደ። በወረቀት ላይ የታየው የኃይል ውድቀት ከፊሉ ከዚህ የመጣ ነው፤ ከፊሉ ደግሞ እርሳስ ለሌለው ቤንዚን ሲባል የሞተሮቹ የእመቃ መጠን በመቀነሱ ነው። የ1968ን ቁጥር ከ2011 ቁጥር ጎን አስቀምጦ የሚያወዳድር ሰው በሁለት ዓይነት ሚዛን የተመዘነ እህል ይገዛል።

እንግዲህ ወደ መጎተቱ እንምጣ። እዚህ ላይ ክርክሩ ብዙም አያስኬድም፤ አዲሱ ያሸንፋል። ፎርድ ለ2011 ሞዴል ኤፍ-150 ያቀረበው ኢኮቡስት የተባለው ባለ ሁለት ቱርቦ ሞተር 3.5 ሊትር ብቻ ሆኖ 365 ፈረስ ጉልበትና 569 ኒውተን ሜትር ሰጠ። በትክክል የተዘጋጀው መኪና ከ5,100 ኪሎ ግራም በላይ እንዲጎትት ተፈቀደለት። ከአሮጌው ባለ ስድስት በይዘት አንሶ በጉልበት ከእጥፍ በላይ በለጠ። ካምቢዮውም አይዘንጋ፤ የቀድሞው አውቶማቲክ ሦስት ማርሽ ሲኖረው የዛሬው አሥር አለው። ሞተሩ ዳገት ላይ ሲደክም የሚያግዘው ብዙውን ጊዜ ቀጣዩ ማርሽ ነው።

የከፍታ ነገር ደግሞ ለእናንተ ለአዲስ አበባ ነዋሪዎች ማስረዳት አያሻውም። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አንድ አሥረኛ ያህል ኃይሉን ያጣል፤ ወደ እንጦጦ የሚወጣ አሮጌ ታክሲ ይህን ያለ ፊዚክስ መምህር ያሳየናል። በኮሎራዶ ከ3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለው የአይዘንሃወር ዋሻ ተጎታች ይዞ የሚወጣ ሰው ቱርቦን የሚወድበት ምክንያት ይኸው ነው።

የመጎተት ቁጥሮቹ ራሳቸውስ ይታመናሉ? ለረጅም ጊዜ እያንዳንዱ አምራች የሚያሳውቀው በራሱ ሚዛን የለካውን ነበር። በ2008 የአሜሪካ የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር ጄ2807 የተባለ የጋራ መለኪያ አወጣ፤ ቶዮታ በ2011 ቱንድራ ላይ ቀድሞ ተቀበለው፣ ሌሎቹም በዓመታት ልዩነት ተከተሉ። ከፈተናዎቹ አንዱ በአሪዞና ከዴቪስ ግድብ ተነሥቶ የሚወጣውን 18 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት በጠራራ ሙቀት፣ የመኪናው ማቀዝቀዣ እስከ ጫፍ ተከፍቶ፣ ከተወሰነ ፍጥነት ሳይወርዱ መውጣት ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈን የመጎተት ቁጥር በጥንቃቄ አንብቡት።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ደርሻለሁ። ከነዳጅ ቀውሱ በኋላ የአሜሪካ ምክር ቤት በ1975 የነዳጅ ቁጠባ ሕግ አወጣ፤ ቀላል የጭነት መኪኖችም እየቆዩ በደንቡ ውስጥ ገቡ። መለያው መስመር ከነጭነቱ 8,500 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 3,860 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ክብደት ሆነ። ከዚያ በታች ያለው ፒክአፕ የቁጠባ ግዴታ አለበት፤ ከዚያ በላይ ያለው እስከ 2010ዎቹ አጋማሽ ድረስ ከዚህ ግዴታ ነፃ ነበር። ከዚያ ወዲህም የሚገዛው የመጫንና የመጎተት አቅሙን ከግምት በሚያስገባ የተለየ ደንብ ነው።

ከመስመሩ በታች የሆነውን ተመልከቱ። ጄኔራል ሞተርስ መኪናው ሳይጨነቅ በሚሄድበት ጊዜ ከስምንቱ ሲሊንደሮች አራቱ ሥራ እንዲያቆሙ የሚያደርግ ዘዴ አስገባ። ይህን የሚፈጽመው በዘይት ግፊት የሚታዘዝ ልዩ የቫልቭ ገፊ ነው። ገፊው ተጣብቆ ሲቀር ካምሻፍቱን ይበላዋል፤ ይህም በጋራዦች ዘንድ የታወቀ ሕመም ሆነ። የሚገርመው፣ ከባድ ተጎታች የሚስብ ሰው ሞተሩ ዘወትር ሙሉ ኃይሉን ስለሚፈልግ ከዚህ ዘዴ የሚያተርፈው እጅግ ጥቂት መሆኑ ነው። የቁጠባውን ትርፍ የሚወስደው ባዶ መኪና የሚነዳው ነው፤ የብልሽቱን ዕዳ ግን ሁለቱም ይካፈላሉ።

ከዚህ ይበልጥ የሚናገረው የ2025 ጉዳይ ነው። ይኸው ኩባንያ ከ2021 እስከ 2024 ሞዴል ያሉ፣ 6.2 ሊትር ሞተር የተገጠመላቸውን ወደ 600,000 የሚጠጉ መኪኖች በአሜሪካ ለጥገና ጠራ። ምክንያቱ የክራንክሻፍትና ፒስተኑን ከእሱ ጋር የሚያያይዘው ዘንግ የአሠራር ጉድለት ነበር። ፍተሻውን ላለፉት ሞተሮች የተሰጠው መፍትሔ ምን ነበር? ወፈር ያለ ዘይት። ቀጭን ዘይት ሰበቃን ስለሚቀንስ ጥቂት ነዳጅ ይቆጥባል፤ ወፍራሙ ደግሞ ብረትን ከብረት በተሻለ ይለያል። በዚያ የዘይት ለውጥ ውስጥ የግማሽ ምዕተ ዓመት የፖሊሲ ታሪክ ተጨምቆ ይነበባል ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ከመስመሩ በላይ ደግሞ ተቃራኒው ሆነ። ፎርድ ለ2020 ከባድ ፒክአፖቹ ያቀረበው አዲስ የቤንዚን ሞተር 7.3 ሊትር ነው፤ ብሎኩ ብረት፣ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ቫልቭ፣ ካምሻፍቱ እንደ ጥንቱ በብሎኩ ውስጥ፣ ቱርቦ የለው፣ ሲሊንደር የሚያጠፋ ዘዴ የለው። 430 ፈረስ ጉልበትና 644 ኒውተን ሜትር ይሰጣል። አያቱ የሚያውቁት ቅርጽ በልጅ ልጅ ኮምፒዩተር ይመራል። ጄኔራል ሞተርስም በዚያው ዓመት 6.6 ሊትር የብረት ሞተር ይዞ መጣ። በአንድ ዘመን፣ በአንድ ኩባንያ፣ በሁለት የክብደት ክፍሎች ሁለት የተለያዩ ፍልስፍናዎች የተገኙት መሐንዲሶቹ ስለተለያዩ አይመስለኝም፤ የተጠየቁት ጥያቄ ስለተለየ ነው።

ሕግ ግን የሁሉ ነገር ምክንያት አይደለም። ቶዮታ በ2024 ከ100,000 በላይ ቱንድራና ሌክሰስ መኪኖችን የጠራው ባለ ሁለት ቱርቦው ሞተር በሚሠራበት ጊዜ የብረት ፍርፋሪ ውስጡ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል ነው። ይህ የፋብሪካ ጽዳት ጉድለት ነው፤ በ1965ም ሊደርስ ይችል ነበር። በፎርድ ትራይተን ሞተሮች አንዳንዶቹ ካንዴላቸውን ከነክሩ የሚተፉ፣ ሌሎቹ ደግሞ ሲፈታ የሚሰበርባቸው ነበሩ፤ እነሱም ዛሬ አሮጌ ከሚባሉት ተቆጥረዋል። «አሮጌ» የሚለው ቃል ራሱ ከዓመት ዓመት የሚንቀሳቀስ አጥር ነው።

በእኔ ፍርድ ያልተመለሰው ጉዳይ የጥገናው ነው። አሮጌው ሞተር ከከተማ ርቆ ሲቆም ባለቤቱ በመፍቻና በትዕግሥት ያስነሣው ነበር። አዲሱ እምብዛም አይቆምም፤ ሲቆም ግን ኮምፒዩተር ያለው ጋራዥ ድረስ ተጎትቶ ይሄዳል፣ ሂሳቡም ከመኪናው ዋጋ ጋር ይፎካከራል። ከብቱን ጭኖ ገበያ ለሚሄድ ሰው የብልሽት ብዛትና የብልሽት ክብደት አንድ አይደሉም፤ ስለ አስተማማኝነት የሚቀርቡ ሠንጠረዦች በአብዛኛው የሚቆጥሩት የመጀመሪያውን ነው።

እዚህ ላይ ላቁም። ናፍጣን ሆን ብዬ ስለተውኩት ጥያቄያችሁ ከዚያ እንደሚጀምር እገምታለሁ።