የቆዳ ኳስ፤ የመንግሥቱ ወርቁ ዘመን

በእጅ የተሰፋ ቆዳ፣ ውስጡ የሚነፋ ጎማ። ዝናብ ሲያገኘው ውኃ ይጠጣና ይከብዳል፤ በቴስታ የመታው ሰው ግንባሩ ያውቀዋል። የጎንደሩ ልጅ፣ እግር ኳስ ተጫዋቹ መንግሥቱ ወርቁ ያደገው እንዲህ ባለ ኳስ ዘመን ነው። ልጆች፣ ስሙን እንድትይዙልን እንወዳለን።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ከግብፅ ጋር ገጠመች። ሁለት ጊዜ ተመራች፤ ሁለቴም አቻ ሆነች። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን አገባ፤ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር መንግሥቱ አራተኛውን ጨመረ። 4 ለ 2! ዋንጫውን ያነሳነው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በክለብ የቅዱስ ጊዮርጊስ ነበር፤ በአፍሪካ ዋንጫ 10 ጎል አለው። በኋላ ብሔራዊ ቡድኑን አሠልጥኗል። ያረፈው በ2003 ዓ.ም. ነው።