ኤነርጂ ቦል በቤት ውስጥ፦ ከበሶ፣ ከተምርና ከለውዝ እንዴት ይሠራል? ለማንስ አይሆንም?

በካፌና በሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ «ኤነርጂ ቦል» እየተባሉ የሚሸጡትን ትንንሽ ድብልብሎች ሳታዩ አልቀራችሁም። ተምር፣ ለውዝ፣ አጃና የመሳሰሉት ተፈጭተው፣ አንድ ላይ ተለውሰው፣ በመዳፍ ተድቦልብለው የሚቀርቡ መክሰሶች ናቸው። አይጋገሩም፣ አይጠበሱም። ዋጋቸው ግን ከውስጣቸው ካለው ነገር ጋር ሲተያይ ብዙ ጊዜ አይመጣጠንም። ቤት ውስጥ መሥራት ደግሞ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይፈጅም።

ዛሬ ሦስት አሠራሮችን ከነመጠናቸው ይዘን ቀርበናል። ከአሠራሩ እኩል ግን «ጤናማ ነው፣ ስኳር የለውም» ተብሎ ስለሚነገረው ነገር፣ ስለ ሕፃናትና ስለ ስኳር ሕመምተኞች የጻፍነውን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ጉዳት የሚመጣው ብዙውን ጊዜ እዚያ ላይ ነው።

ነገሩ ለእኛ አዲስ ነው እንዴ?

ስሙ ነው እንጂ ነገሩ አዲስ አይደለም። በሶ ማለት የተቆላ ገብስ ዱቄት ነው። እሳቱ ሥራውን አስቀድሞ ስለጨረሰ፣ በውኃ በጥብጦ ለመጠጣትም ሆነ ጨብጦ ለመብላት ሌላ ማብሰል አያስፈልገውም። ለመንገደኛ፣ ለወታደር፣ ለተማሪ ስንቅ ሆኖ የኖረውም በዚህ ምክንያት ነው። በኦሮሞ ባህል የሚታወቀው ጭኮም የተቆላ የገብስ ዱቄት በንጥር ቅቤ ተለውሶ የሚሠራ፣ ሳይበላሽ ብዙ ቀን የሚቆይ ምግብ ነው።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስም እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ፣ የኦሮሞ ተጓዦች የተቆላና የተፈጨ ቡናን ከቅቤ ጋር ለውሰው፣ አድቦልብለው፣ በቆዳ ከረጢት ይዘው ረጅም መንገድ እንደሚሄዱ ጽፏል። ዛሬ በጂም ቤት በር ላይ የሚሸጠው ነገር ሐሳቡ ይኸው ነው፦ ትንሽ ቦታ የሚይዝ፣ ብዙ ኃይል የሚሰጥ ስንቅ።

ምን ያስፈልጋል?

አንድ ድብልብል ሦስት ነገር ይፈልጋል። ይህን ካወቃችሁ የራሳችሁንም ቅልቅል መፍጠር ትችላላችሁ።

1. የሚያያይዝ፦ ተምር፣ ማር ወይም ንጥር ቅቤ።
2. የሚጠጣና ቅርጽ የሚሰጥ፦ በሶ ወይም የተፈጨ አጃ።
3. ስብና ፕሮቲን የሚሰጥ፦ ለውዝ (ኦቾሎኒ)፣ ሰሊጥ፣ ተልባ፣ ሱፍ።

የየራሳቸውን አቅም ለማነጻጸር ያህል፣ በ100 ግራም ውስጥ በግምት ይህን ይዘዋል።

- ተምር፦ 280 ካሎሪ፣ ወደ 65 ግራም ስኳር፣ ከ7 እስከ 8 ግራም አሰር (ፋይበር)
- ለውዝ፦ 570 ካሎሪ፣ 26 ግራም ፕሮቲን
- ሰሊጥ፦ 570 ካሎሪ፣ 18 ግራም ፕሮቲን
- ተልባ፦ 530 ካሎሪ፣ 18 ግራም ፕሮቲን፣ 27 ግራም አሰር
- ማር፦ 300 ካሎሪ፣ 82 ግራም ስኳር

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በበሶ ፋንታ ጥሬ ዱቄት እንዳትጠቀሙ። ጥሬ የስንዴም ሆነ የገብስ ዱቄት ከእርሻና ከወፍጮ ቤት ጀርም ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ የሚሞተው ሲበስል ነው። በሶ የሚሆነው ገብሱ ስለተቆላ ነው። ሌላ ዱቄት ካላችሁ አስቀድማችሁ በምጣድ በደንብ አምሱት።

አሠራር አንድ፦ በሶ በተምርና በለውዝ (የጾም)

- 200 ግራም ፍሬው የወጣለት ተምር
- 100 ግራም የተቆላና የተላጠ ለውዝ
- 100 ግራም በሶ
- 30 ግራም የታመሰ ሰሊጥ
- 20 ግራም የታመሰና የተፈጨ ተልባ
- ቁንጥር ጨው፣ ደስ ካላችሁ ትንሽ ቀረፋ ወይም ኮረሪማ
- ከ2 እስከ 3 የሾርባ ማንኪያ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ

ተምሩ ደረቅ ከሆነ ለ10 ደቂቃ ሙቅ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፉትና በደንብ አጥልሉት። የዘፈዘፋችሁት ከሆነ በኋላ ውኃ ላያስፈልግ ይችላል፤ ስለዚህ ውኃውን መጨረሻ ላይ በማንኪያ እያያችሁ ነው የምትጨምሩት። ፍሬ ቀርቶ እንዳይሆን እያንዳንዱን ተምር በእጃችሁ ፈትሹ፤ አንድ የቀረ ፍሬ ጥርስ ይሰብራል።

ለውዙንና ሰሊጡን ሸካራ እስኪሆን ፍጩ። ተምሩን ጨምራችሁ ድገሙት። ከዚያ ወደ ሳህን ገልብጣችሁ በሶውን፣ ተልባውንና ጨውን ጨምራችሁ በእጅ እሹት። ልኩን የሚነግራችሁ እጃችሁ ነው፦ ጨብጣችሁ ስትለቁት ካልተፈረከሰ ደርሷል። ከተፈረከሰ አንድ ማንኪያ ውኃ፣ እጅ ላይ ከተጣበቀ አንድ ማንኪያ በሶ ጨምሩ። በሶ ውኃ ቀስ ብሎ ስለሚጠጣ፣ ለ10 ደቂቃ አሳርፋችሁት ከዚያ አድቦልብሉት።

አንዱን 20 ግራም ያህል ብታደርጉት ወደ 24 ፍሬ ይወጣል። እያንዳንዱ 73 ካሎሪ ገደማ፣ 2 ግራም ፕሮቲንና ከ5 ግራም ትንሽ የሚበልጥ ስኳር ይኖረዋል።

ብሌንደር ከሌለስ? ሙቀጫና ዘነዘና ይበቃል። ለውዙን መጀመሪያ ለብቻው ውቀጡ፣ ተምሩን በቢላ ከትፋችሁ ጨምሩ። ሸካራ ቢሆን ጣዕሙ አይቀንስም፤ እንዲያውም ሸካራውን የሚመርጥ ብዙ ነው።

አሠራር ሁለት፦ ሰሊጥ በማር

- 150 ግራም የታመሰና የተፈጨ ሰሊጥ
- 100 ግራም በሶ
- 4 የሾርባ ማንኪያ ማር
- ቁንጥር ጨው

ማሩ ከረጋ ዕቃውን ሙቅ ውኃ ውስጥ አስቀምጡት፤ ይላላል። ሁሉንም አንድ ላይ አሽታችሁ አድቦልብሉ። ከ16 እስከ 17 ፍሬ ይወጣል። ሰሊጡን መፍጨት አትርሱ፦ ሰሊጥም ተልባም ሙሉ ፍሬውን ከተዋጠ አብዛኛው ሳይፈጭ እንደገባ ይወጣል። ሰሊጡ ሲታመስ ቡናማ ሆኖ ከጨሰ ደግሞ ይመርራል፤ ፍሬው መዝለል ሲጀምርና ሽታው ሲወጣ አውርዱት።

አሠራር ሦስት፦ በጭኮ መንገድ (የፍስክ)

- 250 ግራም በሶ
- 120 ግራም የቀለጠ ንጥር ቅቤ
- ጨው፣ የተፈጨ ኮረሪማ

በሶውን ከጨውና ከኮረሪማው ጋር ቀላቅሉ። ቅቤውን በአንድ ጊዜ አትገልብጡት፤ በጥቂት በጥቂቱ እያፈሰሳችሁ እሹት፤ ሲጨበጥ የሚይዝ ሲሆን አቁሙ። ስኳር የሚባል የለውም፤ ነገር ግን አንዱ 20 ግራም ድብልብል ከ100 ካሎሪ በላይ ነው፤ ከግማሽ የሚበልጠውም ከቅቤው የሚመጣ ነው። ኮሌስትሮል ወይም የልብ ችግር ያለበት ሰው ይህኛውን ቢተወው ይሻለዋል።

«ስኳር የለውም» ሲባል

እዚህ ላይ ግልጽ እንነጋገር። ብዙ ሻጮች «በማር ብቻ የተሠራ፣ ስኳር አልባ» እያሉ ነው የሚያስተዋውቁት። ማር ስኳር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ማርን ከተጨመረ ስኳር ጋር ነው የሚቆጥረው። መመሪያው ከዚህ ዓይነቱ ስኳር የሚገኘው ካሎሪ ከቀኑ ካሎሪ ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ደግሞ ከ5 በመቶ በታች እንዲወርድ ይመክራል። በቀን 2000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው 10 በመቶው 50 ግራም፣ 5 በመቶው 25 ግራም ነው።

ተምር ከማር የሚሻልበት ነገር አለ፦ አሰርና ማዕድናት አብረውት አሉ። ግን ከክብደቱ ወደ ሁለት ሦስተኛው ስኳር ነው። ከአሠራር አንድ 5 ድብልብል ያለ ሐሳብ የበላ ሰው ከ25 ግራም በላይ ስኳርና ከ360 ካሎሪ በላይ አስገብቷል። ያ መክሰስ ሳይሆን ምሳ ነው።

ታዲያ «ኤነርጂ» የሚለው ቃል ካሎሪ ማለት እንጂ መድኃኒት ማለት አይደለም። በእግሩ ለሚሄድ፣ ለሚሮጥ፣ ቁርስ ሳይበላ ለሚወጣ ሰው 2 ወይም 3 ፍሬ ጥሩ ስንቅ ነው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ለሚውል፣ ክብደት ለመቀነስ ለሚሞክር ሰው ግን አንዱ ይበቃል። ከብስኩትና ከከረሜላ ይሻላል ወይ? አዎ፣ ፕሮቲንና አሰር ስላለው ያጠግባል። የፈለጉትን ያህል ይበላል ማለት ግን አይደለም።

ለስኳር ሕመምተኞች

ተምርና ማር የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋሉ። «ተፈጥሯዊ ነው» ተብሎ ዝም ብሎ አይበላም፤ ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋግራችሁ ከቀኑ የምግብ ልክ ውስጥ ቁጠሩት።

ሁለተኛው ነገር የበለጠ አስቸኳይ ነው። ኢንሱሊን ወይም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ስኳሩ ወርዶ ሲያልበው፣ ሲያንቀጠቅጠውና ሲያዞረው ኤነርጂ ቦል አትስጡት። ስቡና አሰሩ ስኳሩ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገየዋል። በዚያ ሰዓት የሚያስፈልገው ፈጣን ስኳር ነው፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ፣ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ድጋሚ መለካት፤ ካልተስተካከለ መድገም። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም ነገር አይጨመርም፤ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል። ድብልብሉ የሚመጣው ስኳሩ ከተስተካከለ በኋላ ነው።

ልጆች ላሏችሁ እናቶችና አባቶች

- ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር ያለበትን ምንም ነገር አትስጡ። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችለው የቦቱሊዝም ባክቴሪያ ዘር አዋቂን ባይጎዳም የሕፃኑ አንጀት ውስጥ አድጎ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። «ትንሽ ጣት ላይ ብቻ» የሚባለውም ይቅር።
- ከ5 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ሙሉ ወይም ሸካራ ለውዝ አይሰጥም፤ ጉሮሮ ይዘጋል። ለእነሱ የሚሆነው ለውዙ ልሞ የተፈጨበት ነው። ድቡልቡሉም ራሱ ሙሉውን ወደ አፍ ከገባ ያንቃል፤ ጠፍጠፍ አድርጋችሁ በትንሽ በትንሹ ቆርሳችሁ፣ ልጁ ተቀምጦ፣ እናንተ እያያችሁት ይብላ። እየሮጠ አይሆንም።
- ለውዝና ሰሊጥ አለርጂ ያስነሳሉ። ከበላ በኋላ ከንፈሩ ካበጠ፣ ቆዳው ሽፍ ካለ፣ ካስመለሰው ወይም ትንፋሹ ከተቆራረጠ ሳትዘገዩ ወደ ሕክምና ውሰዱት። ለትምህርት ቤት የምሳ ዕቃ ስትቋጥሩም ልጆች ምግብ ይካፈላሉና ለመምህሩ ንገሩ።
- ገብስና ስንዴ የማይስማማው (የግሉተን ችግር ያለበት) ልጅ ካለ በሶውን በታመሰ የጤፍ ዱቄት ተኩት።

ለውዝ ስትገዙ

ለውዝ እርጥበት ባለበት ቦታ ከተከማቸ ሻጋታ ይይዘዋል። ከሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ይመነጫል፤ ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ ለጉበት ካንሰር ያጋልጣል። ቁም ነገሩ፣ መቁላት ይህን መርዝ ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ስለዚህ የተፈጨ ከመግዛት ፍሬውን ገዝታችሁ ራሳችሁ ልቀሙት፦ የተጨማደደ፣ የጠቆረ፣ አረንጓዴ ወይም ነጭ ሻጋታ ያለበት፣ ሲቀምሱት የሚመርር ከሆነ ይጣል። «ተቆልቶ ይጠፋል» ብላችሁ አትቀላቅሉት። የተረፈውንም ደረቅ ቦታ፣ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡ።

ስንት ቀን ይቆያል?

ውኃ የገባበት ቶሎ ይበላሻል። አሠራር አንድ ከፍሪጅ ውጭ ለዕለቱ ብቻ ነው፤ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት፣ ፍሪዘር ውስጥ እስከ 3 ወር ይቆያል። በማር የተሠራው ውኃ ስለሌለው በቀዝቃዛ ቦታ ከሳምንት በላይ ይሄዳል። በቅቤ የተሠራው ከሁሉም የበለጠ ይቆያል፤ ግን ሽታው ከተለወጠ ወይም አፍ ላይ ከከረከረ ቅቤው ተበላሽቷል ማለት ነው። እጅን በሳሙና መታጠብም ግዴታ ነው፤ ከተድቦለቦለ በኋላ ጀርም የሚገድል እሳት የለምና።

መቼ ይበላ?

ለስፖርት ከሆነ ከመነሳታችሁ አንድ ሰዓት ያህል በፊት 2 ፍሬ በውኃ ይበቃል። ሩጫ ሊጀመር 5 ደቂቃ ሲቀር ከሆነ የለውዙ ስብ ሆድ ላይ ይከብዳል። ለጾም ወራት አሠራር አንድ ምንም የእንስሳት ተዋጽኦ የለውም። በረመዳን ደግሞ በተምር ለሚያፈጥር ቤተሰብ ለሱሁርም ይሆናል፤ ከብዙ ውኃ ጋር ይሁን። በአረብ አገራት ያላችሁ እህት ወንድሞች ተምሩን እዚያው በቀላሉ ታገኙታላችሁ፤ ከአገር ቤት የሚላክ በሶ ካላችሁ ከዚያ በላይ ብዙም አያስፈልጋችሁም።

በመጨረሻም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሠሩ መጠኑን ግማሽ አድርጋችሁ ሞክሩ። በሶው እንደ ገብሱና እንደ ወፍጮው ውኃ አጠጣጡ ይለያያል፤ ሁለተኛው ዙር ላይ ልኩን ራሳችሁ ታገኙታላችሁ።

መረጃው ይጠቅመዋል ለምትሉት ሰው፣ በተለይ ትንንሽ ልጆች ላሏቸውና ስኳር ሕመምተኛ ቤት ውስጥ ላለባቸው፣ አጋሩት። መልካም መክሰስ!